ጤና አዳሜ ለምን ቢጫ ሆነ?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ አፓርታማ ውስጥ ነው የምኖረው። ጤና አዳሜን በየቀኑ ውሃ አጠጣዋለሁ። ቅጠሉ ግን ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ውሃው በዝቶበታል። ጤና አዳም ደረቅ አፈር ይወዳል፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል። እኔ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከትቼ ደረቅ ካልሆነ አላጠጣም። መትከያው ከታች ቀዳዳ ይኑረው፤ አፈሩ ላይ አሸዋ ቀላቅይበት። በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ጋ አድርጊው። ለቡናሽ ጫፍ ጫፉን ቀንጥቢ፤ በጎን ያቆጠቁጣል።

አንድ ነገር አደራ! ፀሐይ ላይ ስትቆርጪው ጓንት አድርጊ። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ክፉኛ ይቃጠላል፤ ውሃም ይቋጥራል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ደግሞ ቡናሽን ያለ ጤና አዳም ጠጪ።