የዴንማርክ ወንበር በእጅ መሣሪያ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ማሽን ሳይኖር፣ በመጋዝ፣ በመላጊያና በመሮ ብቻ የዴንማርክ ወንበር መሥራት ይቻላል ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የምኖረው ኮፐንሃገን ነው፣ እንጀራዬም እንጨት ነው፤ ስለዚህ የምችለውን ያህል እመልሳለሁ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ እኔን ያማረኝ ጀርባው ላይ የ«ዋይ» ቅርጽ ያለው ወንበር ነው። ከእሱ ልጀምር? (ከአዳማ)

ለጊዜው ተወው። እሱ ሃንስ ቬግነር በ1949 የነደፈው ነው። የላይኛው ቅስት በእንፋሎት የታጠፈ ነው፣ የኋላ እግሮቹ ደግሞ ከየትኛውም አቅጣጫ ብታያቸው የተጠማዘዙ ይመስላሉ። ለመጀመሪያ ሥራ ያስመርርሃል።

የምመክርህ የዴንማርኩ ነዳፊ ቦርገ ሞገንሰን የሠራውን፣ ጄ39 የሚባለውን ወንበር ነው። ሞገንሰን በ1947 የነደፈው ኤፍዲቢ ለሚባለው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር። የተፈለገው ሠራተኛው ቤተሰብ በአቅሙ ገዝቶ ዕድሜ ልኩን የሚቀመጥበት ወንበር ነው። ዴንማርኮች እስካሁን «የሕዝብ ወንበር» ይሉታል። እግሮቹ ክብና ቀጥ ያሉ ናቸው። አግዳሚዎቹም ቀጥ ያሉ ናቸው። ጎበጥ የምትለው መደገፊያዋ ብቻ ናት። እንደኔ እንደኔ ከቬግነር ወንበሮች አያንስም፤ ፎቶ ላይ ብዙ አይጮኽም እንጂ።

ኬኔዲ የተቀመጠበት ወንበርስ?

እሱም የቬግነር ነው፣ የ1949። በ1960 ኬኔዲና ኒክሰን በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ታየና ስሙ ገነነ። ክንዱና ጀርባው አንድ ወጥ ቢመስሉም ከተለያዩ ቁራጮች የተጋጠሙ ናቸው። አሁን አትንካው።

ምን ምን መሣሪያ ልግዛ? በጀቴ ጠባብ ነው።

አንድ ጥሩ መጋዝ፣ አንድ መላጊያ፣ የ8 እና የ12 ሚሊ ሜትር መሮ፣ የእንጨት መዶሻ፣ ማዕዘን፣ አንግሉ የሚስተካከል ማዕዘን፣ በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ ከ16 ሚሊ ሜትር ጫፍ ጋር። ከተገኘች ደግሞ ግራና ቀኝ እጀታ ያላት ትንሿ መላጊያ፤ ክብ ነገር ላይ እሷን የሚያክል የለም። ማጥበቂያ ከሌለህ ገመድ በድርብ አስረህ መሃሉን በዱላ ጠምዝዘው፤ አጥብቆ ይይዛል።

ከሁሉም በፊት ግን መሳያ ድንጋይ። ያልተሳለ መሮ ጥሩ እንጨት ያበላሻል፣ እጅም ይቆርጣል። በመደብር ሳለህ ገንዘብ ቢያጥርህ ከመሣሪያው ቀንስ፣ ከድንጋዩ አትቀንስ።

እዚህ ቢች የሚባል እንጨት የለም። ዋንዛ ይሆናል? (ከባሕር ዳር፣ ከሐዋሳ፣ ከጅማ)

ይሆናል፣ ግን ልኩን እንዳለ አትቅዱ። ጄ39 የሚሠራው ከቢች ወይም ከኦክ ነው። ሁለቱም ከባድና ጠንካራ ናቸው። ዋንዛ ለመላጊያ የሚመች፣ ቀለሙ የሚያምር፣ ግን ቀለል ያለ እንጨት ነው። ለቢች 35 ሚሊ ሜትር የሚበቃው እግር ለዋንዛ 40 ይሁን። አግዳሚዎቹንም ወፈር አድርጓቸው። ግራቪላም አይከፋም። ወይራ ለሙሉ ወንበር አይመቸኝም፤ ለሽብልቅ ግን ወደር የለውም።

ዋንዛው ከየት እንደመጣ ሻጩን ጠይቁ። ከደን ተሰርቆ የተቆረጠ አገር በቀል እንጨት ይዞ መገኘት መዘዝ አለው።

ቁራጩን ስትመርጡ የእንጨቱን ጭረት (የቃጫውን መስመር) ተከተሉ። ጭረቱ ከእግሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ካልሄደ፣ መሃል ላይ በጎን በኩል ከወጣ፣ እግሩ አንድ ቀን እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ውፍረት አያድነውም።

ጅማ ያላችሁት ደግሞ፦ በርጩማችሁ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ስለሆነ መጋጠሚያ የሚባል ጣጣ የለበትም። ይኼኛው ግን ሁለ ነገሩ መጋጠሚያ ነው።

ቶርኖ (እንጨት እያዞረ ክብ የሚያደርግ ማሽን) ሳይኖር እግሩን እንዴት ክብ አደርጋለሁ?

መጀመሪያ አራት ማዕዘን አድርገህ በማዕዘን አስተካክል። ከዚያ ስምንት ማዕዘን ታደርገዋለህ። የጎኑን ስፋት በ0.29 አባዛው፤ 35 ሚሊ ሜትር ከሆነ 10 ገደማ ይሆናል። ከየጠርዙ 10 ገባ ብለህ አስምርና በመስመሮቹ መካከል ያለውን ጠርዝ ላጥ። ስምንቱን እኩል ካገኘህ አሥራ ስድስት፣ ከዚያ ክብ። የመጨረሻዋን ብርጭቆ ወረቀት ትጨርሰዋለች።

አንድ ነገር ልብ በል፦ ቀዳዳዎቹን እግሩ አራት ማዕዘን እንዳለ ቅደዳቸው። ክብ ከሆነ በኋላ ማዕዘን የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ቦታ አታገኝም።

ወንበሬ በሁለት ዓመቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኮላ እንኳ አላነሰውም። ምን ጎደለ?

የሁሉም ጥያቄ ቢሆን ደስ የሚለኝ ይኼ ነው። ኮላ ብቻውን ወንበር አይይዝም። ሰው ወደ ኋላ በተደገፈ ቁጥር የጎን አግዳሚው ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ እንደ መፈንቀያ ወደ ላይና ወደ ታች ይጫናል። ያን የሚቋቋመው ጥልቀትና ጥብቀት ነው።

ጥልቀቱ፦ 35 ሚሊ ሜትር እግር ላይ የአግዳሚው ምላስ (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ጫፉ) 25 ያህል ይግባ። ግን ሁለት አግዳሚዎች በአንድ ከፍታ ከተገናኙ ቀዳዳቸው ውስጥ ለውስጥ ይጋጫል፣ ሁለቱም ያጥራሉ። ስለዚህ የፊትና የኋላ አግዳሚዎችን ከጎኖቹ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ አድርጋቸው።

ጥብቀቱ፦ ምላሱ በእጅ ብቻ ተገፍቶ ከገባ ላልቷል። መዶሻ ካልተመታ የማይገባ፣ እግሩን ግን የማይሰነጥቅ መሆን አለበት። በቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሩት።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። አግዳሚዎቹን ከመግጠማችሁ በፊት ሞቅ ባለ ደረቅ ቦታ አቆዩአቸው፣ ከእግሮቹ ይበልጥ ይድረቁ። ከተገጠሙ በኋላ የአየሩን እርጥበት ስበው ትንሽ ያብጡና ቀዳዳቸውን ይሞላሉ። እርጥብ አግዳሚ በደረቅ እግር ከገጠማችሁ ተቃራኒው ይሆናል፤ ወንበሩ መንቀጥቀጡን ከመጀመሪያው ቀን ይዞት ይወጣል። የአንተም ወንበር ችግር ይኼ ይመስለኛል።

መቀመጫው ከፊት ሰፋ፣ ከኋላ ጠበብ ይላል። አንግሉን እንዴት ላግኝ?

ሒሳብ አያስፈልግህም። ኮምፔርሳቶ ላይ መቀመጫውን በእውነተኛ ልኩ ሣል፦ ፊት 46 ሳንቲ ሜትር፣ ኋላ 40፣ ጥልቀት 40። የሚስተካከለውን ማዕዘን ሥዕሉ ላይ አስቀምጠህ አንግሉን ውሰድ። 4 ዲግሪ ገደማ ይመጣልሃል። ካሬ ክሊንት፣ ከ1924 ጀምሮ ኮፐንሃገን አካዳሚ ውስጥ የቤት ዕቃ ንድፍ ያስተማረው ሰው፣ ተማሪዎቹን አሮጌ ወንበሮችንና የሰውን አካል ያስለካቸው ነበር። ሞገንሰንም የእሱ ተማሪ ነው። ለካ፣ ሣል፣ ከዚያ ቁረጥ።

ሲጣበቅ መጀመሪያ ሁለቱን ጎኖች ለየብቻ ግጠም። ኮላው ሲደርቅ በፊትና በኋላ አግዳሚ አገናኛቸው። ከዚያ ከጥግ ወደ ጥግ በገመድ ለካ። መቀመጫው አንድ ወገን ቢጠብም ሁለቱ ሰያፎች እኩል መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ኮላው ሳይደርቅ ረዥሙን ሰያፍ ጫን በል።

መደገፊያውን በእንፋሎት ላጥፈው?

የቢች፣ የኦክ ወይም የአሽ እንጨት ካለሽ፣ በተለይ በምድጃ ያልደረቀ፣ ይቻላል። ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ያህል እንፋሎት ይፈልጋል። ዋንዛ ከሆነ ግን ከወፍራም ጣውላ ቅስቱን በመጋዝ አውጪው። ጉብጠቱ ትንሽ ስለሆነ ጥንካሬው አይጎዳም።

መቀመጫው የወረቀት ገመድ ነው ሲባል ሰምቼ ሳቅሁ። እውነት ነው? (ከሚኒያፖሊስ)

እውነት ነው። በጥብቅ የተጠማዘዘ ወረቀት ነው፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባሕር ሣር ገመድ ሲጠፋ በምትኩ ገባ፣ ከዚያ ወዲያ አልወጣም። የቬግነሩ ባለ «ዋይ» ወንበር ብቻ 120 ሜትር ያህል ይጨርሳል። በደንብ ከተጠለፈ አሥርት ዓመታት ይቆያል። አሜሪካ ያለህ ሰው በቀላሉ ታገኘዋለህ።

ከፊት ሰፊ ስለሆነ መጀመሪያ የፊቱን ሁለት ጥጎች ብቻ እየሞላህ ክፍተቱ ካሬ እስኪሆን ድረስ ሂድ። ከዚያ አራቱንም ጥግ ዙር። በየዙሩ ሳብ፣ በእንጨት ቁራጭ ወደ ጎን ግፋና አጠጋጋው። የላላ ዙር በኋላ አይስተካከልም።

አገር ቤት ገመዱ ባይገኝስ?

ጠፍር አለን እኮ! ለአልጋ የምንጠልፈው ያው ጠፍር። እኔ ብሆን ከውጭ ገመድ ከማስመጣ እሱን እመርጣለሁ። ቆዳውን በወጥ ስፋት ሸንሽነህ፣ አርጥበህ፣ ጎትተህ ትጠልፋለህ። ሲደርቅ ይኮማተርና ከበሮ ይሆናል። ግን ያ ጉተታ ጉልበት አለው፤ አግዳሚዎቹን ወደ ውስጥ ያጎብጣል። ስለዚህ የመቀመጫውን አግዳሚዎች ለወረቀት ገመድ ከምታደርጋቸው ይልቅ ወፈር አድርጋቸው፣ ስትጠልፍም እስከ መጨረሻው አትወጥረው። መኮማተሪያ ተውለት።

ቫርኒሽ ልቀባው?

እኔ አልቀባም። እዚህ ቢችና ኦክን በነጭ ሳሙና ያክሙታል። የተፈጥሮ ሳሙና ፍርፋሪ በሙቅ ውሃ ይሟሟል፣ ይቀዘቅዛል፣ በጨርቅ ይቀባል፣ ትርፉ ይጠረጋል። ሲቆሽሽ ደግመህ ታጥበዋለህ። ለጠቆር ያለ እንጨት፣ ለምሳሌ ለዋንዛ፣ ዘይት ይሻላል። ኦክን ግን በምንም ዓይነት በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አትፈትግ፤ ብረቱና እርጥበቱ ከኦኩ ጋር ተገናኝተው ጥቁር ነጥብ ይጥሉበታል።

ሠርቼ ብሸጠውስ? (ከስቶክሆልም)

ለቤትሽ አንድ መሥራትና እየቀዱ መነገድ ለየቅል ናቸው። በአውሮፓ የቅጂ መብት ነዳፊው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። ሞገንሰን ያረፈው በ1972፣ ቬግነር በ2007 ነው። ለመሸጥ ከፈለግሽ መጋጠሚያውን ተማሪ፣ ቅርጹን የራስሽ አድርጊ።

እግሮቹ መሬት ላይ እኩል አልተቀመጡም፣ አንዱ ያጥራል።

አጭሩን ለማስረዘም አትሞክሩ፣ አራቱንም በአንድ መስመር ቁረጡ። ወንበሩን ፍጹም ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አቁሙና ካጭሩ ሥር ስስ ነገር ሸጉጡ፣ እስኪረጋ። ከዚያ እርሳስ በትንሽ እንጨት ላይ አስተኝታችሁ አራቱንም እግር በአንድ ከፍታ ዙሪያውን አስምሩ፣ መስመሩ ላይ ቁረጡ። የመቀመጫው ከፍታ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ አጠር ላለ ሰው ከሆነ 43ም ይበቃል።