የኤሌቬተር ልክ ከሪሞቱ በፊት በቀዳዳው ይወሰናል

በኮሎራዶ ግዛት በአውሮራ ከተማ የሚኖሩ አንድ አንባቢ የሚከተለውን ችግር ጽፈውልኛል። ከባልሳ እንጨት የተሠራ፣ ክንፉ ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ከ60 የሆነ፣ ያገለገለ፣ በሪሞት የሚበር የልምምድ ሞዴል አውሮፕላን ያለ መመሪያ ገዝተው የነዳጅ ሞተሩን በኤሌክትሪክ ሞተር ተክተውታል። በመጀመሪያው በረራ የሪሞቱን ስቲክ (መቆጣጠሪያ ዘንግ) በጥቂቱ ሲነኩት አውሮፕላኑ አፍንጫውን እያነሣና እየደፋ አልገዛ ስላላቸው፣ ልምድ ያለው ሰው ሪሞቱን ተቀብሎ አሳረፈላቸው። ከዚያ በኋላ የኤሌቬተሩን፣ ማለትም በጅራቱ ላይ እየታጠፈ አፍንጫውን የሚያነሣውንና የሚደፋውን ገጽ፣ ትራቭል (የጉዞ ወሰን) በሪሞቱ ላይ ከ100 ወደ 40 በመቶ አወረዱት። መናጡ ቀነሰ፤ ነገር ግን ኤሌቬተሩ ወደ መሐል ሲመለስ አንዳንዴ ትንሽ ከፍ፣ አንዳንዴ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ ትሪሙንም (የመሐሉን ቦታ በጥቂቱ የሚያስተካክለውን የሪሞት ቁልፍ) በየበረራው መቀየር ግድ ሆኖባቸዋል። ትክክለኛው ልክ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ፣ ሰርቮውንም (ኤሌቬተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ትንሽ ሞተር) መቀየር ይኖርባቸው እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ውድ ጠያቂ፣ ከደብዳቤዎ ጋር የላኩት ልኬት ችግሩን በግልጽ ያሳያል። ሰርቮውን ከኤሌቬተሩ የሚያገናኘው ገፊ ሽቦ የገባበት የሰርቮ ክንድ ቀዳዳ ከሰርቮው መሐል 14 ሚሊሜትር፣ በኤሌቬተሩ ላይ ያለው የሆርን (ሽቦው የሚያያዝበት ቀንድ መሰል ቁራጭ) ቀዳዳም ከማጠፊያው መስመር 14 ሚሊሜትር ከራቀ፣ ሰርቮው የዞረውን ያህል ዲግሪ ኤሌቬተሩም ይታጠፋል ማለት ነው። ሰርቮው ወደ አንድ ወገን 45 ዲግሪ ያህል ሲዞር፣ 45 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ኤሌቬተርዎ በኋላ ጠርዙ ላይ 32 ሚሊሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል። ይህ ለእንደዚህ ዓይነቱ አውሮፕላን ከሚበቃው ከእጥፍ በላይ ስለሆነ፣ በዚያ በረራ የደረሰብዎትን የእጅዎ ጥፋት አድርገው አይቁጠሩት።

ትራቭሉን ወደ 40 በመቶ ሲያወርዱት የሰርቮው ዙረት 18 ዲግሪ ብቻ ሆነ፤ የኤሌቬተሩ ጠርዝም 14 ሚሊሜትር ገደማ ላይ መቆም ጀመረ። በማስመሪያ ብቻ ሲታይ ይህ ክፉ ልክ አይደለም። ይሁን እንጂ ሪሞቱ የቀነሰው የሰርቮውን ጉዞ እንጂ የሰርቮውን ልልነት አይደለም። በሰርቮው ጥርሶች መካከል 1 ዲግሪ ልልነት ቢኖር፣ ያ 1 ዲግሪ አንዳች ሳይቀነስለት ወደ ኤሌቬተሩ ያልፋል፤ በጠርዙም ላይ 0.8 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ቀድሞም ይህ ልልነት ነበረ፤ አውሮፕላኑ በሙሉ ይናጥ ስለነበር ግን ለይተው ሊያዩት አይችሉም ነበር። አሁን ትሪም እየነኩ የሚያሳድዱት ይህንኑ ልልነት ነው፤ ትሪም ደግሞ ቦታውን የሚለዋውጥ ነገርን ሊያስተካክል አይችልም።

መፍትሔው ያንኑ ቅነሳ በሪሞቱ ሳይሆን በቀዳዳዎቹ ማድረግ ነው። በሰርቮው ክንድ ላይ ሽቦውን ወደ ውስጥ አምጥተው ከመሐሉ 8 ሚሊሜትር በሚርቀው ቀዳዳ ያስገቡት፤ በሆርኑ ላይ ደግሞ ወደ ውጭ አውጥተው ከማጠፊያው 20 ሚሊሜትር በሚርቀው ቀዳዳ ያያይዙት፤ ያለው ሆርን አጭር ከሆነም በረጅም ይተኩት። 8 ለ20 ማለት 40 በመቶ ነውና ትራቭሉን ወደ 100 መልሰው ስቲኩን እስከ ጫፍ ሲገፉት ኤሌቬተሩ 16 ዲግሪ ተኩል ያህል ታጥፎ ጠርዙ 13 ሚሊሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል። ልኩ ከቀድሞው ጋር ተቀራራቢ ቢሆንም በውስጡ ያለው ነገር ተለውጧል፦ 1 ዲግሪ የነበረው የሰርቮ ልልነት ኤሌቬተሩ ጋ ሲደርስ 0.4 ዲግሪ ይሆናል፤ በጠርዙ ላይም ከ0.8 ወደ 0.3 ሚሊሜትር ይወርዳል። የሰርቮው ጉልበትም ያድጋል። 3 ኪሎግራም ሴንቲሜትር ጉልበት ያለው ሰርቮ በቀድሞው አያያዝ ለኤሌቬተሩ የሚያደርሰው ያንኑ 3 ሲሆን፣ በአዲሱ አያያዝ 7.5 ያደርሳል። አንድ የትሪም ንክኪ የሚያመጣው ለውጥም ያነሰና የተመጠነ ስለሚሆን፣ ቀጥ ያለ በረራ ለማግኘት የሚፈልጉትን ቦታ በቀላሉ ያገኙታል።

ይህን ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ግን የክብደቱን ማዕከል ይመልከቱ። የነዳጅ ሞተር ከድምፅ መቀነሻው (ከማፍለሩ) ጋር ከባድ ነው፤ በቦታው የገባው የኤሌክትሪክ ሞተር ቀለል ያለ ከሆነና ባትሪውም ወደ ኋላ ከተቀመጠ፣ ማዕከሉ ወደ ጅራት ይሸሻል። ማዕከሉ ወደ ኋላ የሸሸ አውሮፕላን ደግሞ የኤሌቬተሩ ልክ ምንም ያህል ቢያንስ ይናጣል። ክንፍዎ ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ 28 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ማዕከሉ ከፊት ጠርዙ ከ7 እስከ 8.4 ሴንቲሜትር ባለው ውስጥ፣ ማለትም ከስፋቱ ከ25 እስከ 30 በመቶ ላይ ይዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ 7 የቀረበውን ይምረጡ። ባትሪውን ወደ ፊት በመግፋት ማስተካከል ከቻሉ እርሳስ መጨመር አያስፈልግም።

ሥራውን ሲጀምሩ ፕሮፔለሩን ይፍቱት። የኤሌክትሪክ ሞተር ባትሪው እስከተሰካ ድረስ በአንድ የስቲክ ስህተት ሊነሣ ስለሚችል፣ ይህ ለጣትዎ ሲባል የማይታለፍ ነው። ከዚያም በሪሞቱ ላይ አዲስ የሞዴል ቦታ (የአንድ አውሮፕላን ቅንብር የሚቀመጥበትን) ከፍተው ትራቭሉን ሁሉ 100፣ ሰብትሪሙን (የሰርቮውን መሐል በሪሞቱ ውስጥ የሚያርመውን ቅንብር)፣ ትሪሙንና ኤክስፖውን (ስቲኩ መሐል አካባቢ ያለውን ምላሽ የሚያለዝበውን ቅንብር) ዜሮ ያድርጉ። ሰርቮው መሐል ላይ እንዳለ ክንዱን ሲሰኩ ከሽቦው ጋር 90 ዲግሪ እንዲሠራ ይጣሩ። በትክክል 90 ካልመጣ በሰብትሪም ለማስገደድ አይቸኩሉ። ባለ አራት ጣት ክንድ ካለዎት ሌላኛውን ጣት ይሞክሩ፤ ለምሳሌ 25 ጥርስ ባለው የፉታባ ሰርቮ 25 ለ4 እኩል ስለማይካፈል፣ አራቱ ጣቶች በ3.6 ዲግሪ የሚለያዩ አቀማመጦችን ይሰጡዎታል። ከአራቱ አንዱ እጅግ የቀረበ ይሆናል፤ የቀረችውን ጥቂት ነገር በሰብትሪም ማረም ነውር የለውም። የማይጠቅሙትን ጣቶች ቆርጠው ይጣሉ።

በሆርኑ በኩል የሚታየው ነገር፣ ቀዳዳዎቹ በማጠፊያው መስመር ትክክል ላይ መቆማቸው ነው። ሆርኑ ከመስመሩ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ከተሰካ ኤሌቬተሩ ወደ ላይና ወደ ታች እኩል አይታጠፍም። የቀዳዳውም ስፋት ከሽቦው ጋር የተስማማ ይሁን፤ በሆርኑ ቀዳዳ ውስጥ 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ክፍተት ቢኖር በ14 ሚሊሜትሩ ቀዳዳ ላይ በጠርዙ 0.6 ሚሊሜትር ያህል፣ በ20ው ላይ ደግሞ 0.45 ያህል መወላወል ያመጣል። ያገለገለ አውሮፕላን ስለሆነ አሮጌው ቀዳዳ በመፋቅ ብዛት ሰፍቶ ሊሆን ይችላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ ረጅሙን ገፊ ሽቦ ነው። ሰርቮው ከክንፉ ሥር፣ ኤሌቬተሩ ከጅራቱ ላይ ስለሆነ በመካከላቸው ያለው ሽቦ ሲገፋ ሊለምጥ ይችላል። ሰው ስቲኩን እየገፋና እየሳበ ሳለ እርስዎ ኤሌቬተሩን በጣትዎ በቀስታ ተቃውመው ይያዙት፤ ሽቦው ከጎን ሲጎብጥ ካዩ፣ ጠረጴዛ ላይ የለኩት 13 ሚሊሜትር አየር ላይ 13 አይሆንም። በገላው ውስጥ በመካከሉ ደጋፊ ያድርጉለት ወይም በጠንካራ ዘንግ ይተኩት። በእኔ ግምት በየበረራው ትሪም የሚለዋወጥባቸው አሮጌ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ችግራቸው ከሰርቮው ይልቅ ይኸው ሽቦ ነው።

ሲለኩ ማስመሪያውን ከኤሌቬተሩ ሰፊ ቦታ በኋላ ጠርዙ አጠገብ አቁመው፣ መሐሉን ምልክት አድርገው፣ ስቲኩን እስከ ጫፍ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ያንብቡ። መመሪያ ለሌለው አውሮፕላን የምጠቀምበት መለኪያ የጠርዙ ጉዞ ከመሪ ገጹ (እንደ ኤሌቬተሩ ካለው የሚታጠፍ ክፍል) ስፋት አንድ አራተኛ ሲሆን ገጹ 15 ዲግሪ ያህል እንደታጠፈ፣ ግማሽ ሲሆን ደግሞ 30 ዲግሪ እንደታጠፈ የሚነግረኝ ነው። ስለዚህ ለኤሌቬተርዎ ወደ ላይም ወደ ታችም 12 ሚሊሜትር ጥሩ መነሻ ነው፤ 13 የሚሆነውን በትራቭሉ ወደ 95 በመቶ ገደማ በማውረድ ያገኙታል። ራደሩ (አፍንጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞረው የቆመው የጅራት ገጽ) ሰፊ ስለሆነና የልምምድ አውሮፕላንን ብዙም ስለማያስቆጣው፣ 25 ዲግሪ ድረስ ቢታጠፍ አይጎዳም።

ኤለሮኖቹ (በክንፎቹ ኋላ ጠርዝ ላይ ሆነው አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብሉት ገጾች) ስፋታቸው 40 ሚሊሜትር ከሆነ ወደ ላይ 10፣ ወደ ታች ደግሞ 7 ሚሊሜትር ያድርጓቸው። ልዩነቱ ምክንያት አለው፦ ወደ ታች የታጠፈው ኤለሮን ማንሣቱን ሲጨምር መጎተቱንም ስለሚጨምር፣ አፍንጫው ሊዞሩበት ካሰቡት በተቃራኒ ይሳባል፤ ወደ ታች የሚታጠፈውን ማሳነስ ይህን ይቀንሰዋል። በያንዳንዱ ክንፍ ሰርቮ ካለ ይህን በሪሞቱ ዲፈረንሻል ያስተካክሉታል። አቅጣጫውንም ያረጋግጡ፤ ስቲኩ ወደ ቀኝ ሲሄድ የቀኙ ኤለሮን ይነሣል፣ ስቲኩን ወደ ራስዎ ሲስቡ የኤሌቬተሩ ጠርዝ ይነሣል።

ስቲኩን ከነትሪሙ እስከ ጫፍ ሲገፉ ሰርቮው እያጉረመረመ የሚቆም ከሆነ አንድ ነገር አግዶታል ማለት ነው። በዚያ ሁኔታ የሚስበው ኃይል ለሪሲቨሩ (የሪሞቱን ምልክት ለሚቀበለው መሣሪያ) የሚደርሰውን ቮልቴጅ ሊያወርድ ስለሚችል፣ ያገደውን ነገር ሳያገኙ አይብረሩ።

ኤክስፖና ዱዋል ሬት (በአንድ ማብሪያ የሚመረጡ ከፍተኛና ዝቅተኛ የጉዞ ልኮች) የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለመጀመሪያው በረራ የኤሌቬተሩን ዝቅተኛ ሬት 70 በመቶ፣ ኤክስፖውን 25 በመቶ ያድርጉ። በፉታባ ሪሞቶች መሐሉን የሚያለዝበው የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ሲሆን፣ በስፔክትረም ግን የመደመር ምልክት ያለው ነው፤ ምልክቱ ከተሳሳተ አውሮፕላኑ ከቀድሞው የባሰ ይናጣል። ስለዚህ በቁጥሩ ብቻ አይተማመኑ፤ በከፍተኛው ሬት ላይ ስቲኩን ግማሽ ድረስ ብቻ ወስደው ይለኩ። ሙሉው 12 ሚሊሜትር ከሆነ ግማሹ ላይ ከ6 ያነሰ ማግኘት አለብዎት፤ ከ6 ከበለጠ ምልክቱ ተገልብጧል።

አውሮራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በ15 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ለመንሳፈፍ 8 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሄድ አለበት ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ማረፊያው ላይ የሚቸኩል ሊመስልዎት ይችላል፤ ሆኖም የመሪ ገጾቹን ልክ ለመጨመር ምክንያት አይሆንም፤ በዚያ ፍጥነት ገጾቹን የሚመታው የአየር ግፊት በዝቅተኛ ቦታ ካለው ጋር እኩል ነውና። በተለይ በበጋው ሙቀት ማረፊያውን ረዘም አድርገው ያቅዱ።

አየር ላይ ልኩ በቂ መሆኑን ለማወቅ በቂ ከፍታ ይዘው፣ በከፍተኛው ሬት፣ የሞተሩን ኃይል ሙሉ በሙሉ ቀንሰው ኤሌቬተሩን ቀስ በቀስ እስከ ጫፍ ይሳቡ። አፍንጫው ከፍ ብሎ በዝግታ ወደ ታች ከወረደ ልኩ ደህና ነው። ምንም ሳይደፋ መንሳፈፉን ከቀጠለና ከማረፊያው ላይ አፍንጫውን ማንሣት ካቃተው 2 ሚሊሜትር ይጨምሩ፤ በድንገት በአንድ ክንፉ ከወደቀ ስቲኩን ለቀው ፍጥነቱን እንዲያገኝ ያድርጉ፤ ካረፉ በኋላም ወደ ላይ ያለውን ልክ ይቀንሱ። ቀጥ ያለ በረራ የሰጠዎትን ትሪም ደግሞ መሬት ላይ ገፊ ሽቦውን በማስረዘም ወይም በማሳጠር ወደ ሽቦው አስተላልፈው፣ የሪሞቱን ትሪም ወደ ዜሮ ይመልሱት።

ሰርቮውን ስለመቀየር ለጠየቁት፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሽቦውን ከክንዱ ፈተው ሰርቮውን ብቻውን ይፈትኑት። ከክንዱ ጫፍ አጠገብ በፕላስተር ላይ መሐሉን ምልክት አድርገው፣ ስቲኩን ከላይም ከታችም ለቀው ክንዱ ወደዚያው ምልክት መመለሱን ይመልከቱ። ከተመለሰ ሰርቮው ደህና ነው፤ ሥራዎ በቀዳዳዎቹና በሽቦው ላይ ይቆያል። ከላይ ሲመጣ አንድ ቦታ፣ ከታች ሲመጣ ሌላ ቦታ የሚቆም ከሆነ ግን ጥርሱ ወይም የውስጥ መለኪያው አልቋልና ያለ ማመንታት ይቀይሩት።