ያፈናጠጥኩት ልጅ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት እዚህ ገላን ጎረቤቴ የሆነ አንድ ወጣት ሞተሩን ደጄ ላይ አቁሞ በሬን አንኳኳ። ለገና ሐዋሳ አማቶቹ ጋ ሊሄድ ነው። ከኛ ሰፈር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «ጋሼ፣ ረጅም መንገድ ላይ ወገቤንና መቀመጫዬን እንዳያመኝ ምን ላድርግ?» አለኝ።

ጥያቄው ደስ አለኝ። እኛ በሱ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር አንጠይቅም ነበር። ሕመሙን ችሎ መግባት የወንድ ወግ ይመስለን ነበር። ስልክ ላይ አፍጥጣችሁ ትውላላችሁ እያልኩ ሁሌ አማርራችኋለሁ፤ መጠየቅ ግን ከኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

የማውቀውን ነገርኩት። ሊወጣ ሲል «ብቻህን ነህ?» አልኩት።

«ከባለቤቴ ጋር ነን። እሷ ግን ችግር የለባትም ጋሼ፣ ትችለዋለች።»

ይቺ «ትችለዋለች» የምትል ቃል ሌሊቱን ሙሉ ስትመላለስብኝ አደረች። እኔም ስለ አንድ ልጅ እንዲሁ ብዬ ነበር። ይህን የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

ጊዜው ታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሰጥቶኝ፣ ከአዲስ አበባ እየተነሳሁ ሰላሌን አካልላለሁ። ሃያ ዓመት ያልሞላው ረዳት ነበረኝ። ዝምተኛ፣ ሥራ የማይሰለች ልጅ ነው። ያን ቀን ፍቼ አካባቢ ከማለዳ ጀምሮ ለአባ ሰንጋና ለአባ ጎርባ ከብት ስንከትብ ዋልን። አንድ ገበሬ እርጎ ካልጠጣችሁ አትሄዱም ብለው ይዘውን ስለነበር የተነሳነው ከመሸ ነው።

የተረፈ ክትባት ይዘናል። ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ እየሟሟ ስለነበር፣ ማታውኑ አዲስ አበባ ፍሪጅ ውስጥ መግባት ነበረበት። 112 ኪሎ ሜትር ነው። ያኔ ክትባት ለኔ እንደ ታቦት ነበር። ያደግኩት አዛውንቶች ስለ ክፉ ቀን ሲያወሩ እየሰማሁ ነው። ያ የ1880ዎቹ ረሃብ በአብዛኛው የመጣው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ የአገሩን ከብት ስለጨረሰው ነው። ገበሬው የሚያርስበት በሬ አልነበረውም። ዓለም ከዚያ በሽታ ነፃ መሆኑ በ2003 ዓ.ም. ሲታወጅ ሬዲዮ ላይ ሰምቼ እንባዬ መጥቷል። እና ያን ማታ የቸኮልኩት በከንቱ አልነበረም። ይህን የምለው ግን ለማመካኘት አይደለም።

ልጁ ሳጥኑን በኔና በሱ መሃል ጭኑ ላይ አስቀመጠው። በሁለት ክንዱ አቅፎ፣ በጣቶቹ የጃኬቴን ጎንና ጎን ያዘ። የሳጥኑ ቅዝቃዜ በጃኬቴ አልፎ ወገቤን ይነካኝ ነበር። እሱ ደግሞ ሆዱ ላይ ነው ያቀፈው። እኔ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ የቆዳ ጃኬት፣ ጓንትም ነበረኝ። እሱ የለበሰው ስስ ጃኬት ነው። ጓንት የለውም። ጠዋት ስንነሳ አይቼዋለሁ። «ልጅ ነው፣ ይችለዋል» ብዬ አለፍኩት።

ስንነሳ ተስማምተን ነበር። ጃኬቴን ሁለቴ ሳብ ካደረገኝ እቆማለሁ።

ደብረ ጽጌን እንዳለፍን ሁለቴ ሳብ አደረገኝ። «ትንሽ ነው የቀረን!» ብዬ ጮህኩ። ትንሽ አልነበረም፤ ከግማሽ በላይ ይቀረን ነበር። ሙከ ጡሪ ላይ እንደገና ሳበኝ። በእጄ «ቆይ» አልኩት። ጫንጮ ስንደርስ ምንም የለም። ለመደው ብዬ ደስ አለኝ። እንዲያውም ፍጥነት ጨመርኩ።

ከጫንጮ ወዲህ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። የሞተሩ ፍሪሲዮን (ክላች) መሰለኝ። ማርሽ ቀንሼ አዳመጥኩ፤ ሞተሩ ደህና ነው። ቀጠልኩ።

ሱሉልታ ላይ የቆምኩት እንኳ ለሱ ብዬ አይደለም። መነጽሬን ጉም ሸፍኖት መንገዱ ስለጠፋኝ ነው። አንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ መብራት አይቼ አቆምኩ። «ውረድ» አልኩት። አልወረደም። ልወርድ ስል ጃኬቴ ያዘኝ። ጣቶቹ እንደጨበጡ ቀርተዋል። ከትንሿ ጣት ጀምሬ አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው። እንጨት ነው የሚመስሉት። ሊናገር ሲሞክር ምላሱ ተሳሰረበት። የሻይ ቤቷ እናት ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱትና ወደኔ ዞረው «ሰው ነው ወይስ ጭነት ነው የያዝከው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሱሪው ላይ ያለውን ቀዳዳ ያየሁት ብርሃን ውስጥ ስንገባ ነው። ቀኝ እግሩ በብርድ ደንዝዞ ከመርገጫው ተንሸራቶ ማርሚታው፣ የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ዐርፎ ኖሯል። ጨርቁ ተቃጥሎ ከሥሩ ቆዳው ተልጧል። መዳፌን ያህላል። እሱ አላወቀም፤ እግሩ አይሰማውም ነበር። ፍሪሲዮን ነው ያልኩት ሽታ እሱ ነው።

«ምንም አይደል ጋሼ» አለኝ። ሳጥኑ አሁንም እቅፉ ውስጥ ነበር።

እሱን እዚያው ሻይ ቤት አሳድሬ ክትባቱን ይዤ ብቻዬን ገባሁ። ክትባቱ አልተበላሸም። በማግስቱ አለቃዬ አመሰገነኝ፤ ምስጋናውን ተቀበልኩ። የልጁን ነገር አላነሳሁም። ከጥቂት ወራት በኋላ እሱ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ።

በ1994 ዓ.ም. አውቶቡስ ተራ አገኘሁት። አቅፎ ሳመኝ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ልጆች ወለድክ?» አልኩት። ሁለት አለኝ። አውቶቡሱ ተጠራና ሮጠ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

በኋላ ላይ ሳነብ የተረዳሁት ነገር አለ። አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ፣ ነፋሱ የሚመታው ቆዳ የሚሰማው 5 ዲግሪ ያህል ነው። የልጁ እጅና ጉልበት ያን ማታ እንደ ክትባቱ ፍሪጅ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። ለክትባቱ ሳጥን ነበረው።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ጥያቄ ልመለስ፤ ለእናንተም ይሆናል። ስለ ሄልሜት አልነግራችሁም። እሱን የማያውቅ ሰው ሞተር ላይ መውጣት የለበትም።

መቀመጫ የሚያመው ስፖንጁ ስለሳሳ ብቻ አይደለም። አንድ ቦታ ተጣብቆ መቆየት ነው ዋናው። ወደፊትም ወደኋላም ፈቀቅ በሉ። መቀመጫው ላይ አጎዛ እሰሩ። ፀጉሩ አየር ያሳልፋል፣ ላብ ይመጥጣል፣ ንዝረቱንም ያለዝበዋል። የገንዘብ ቦርሳችሁን ከኋላ ኪስ አውጡ፤ ወገብ የሚያጣምም እሱ ነው። መሪውን አንቃችሁ አትያዙ። ክርናችሁ ትንሽ ይታጠፍ፣ በጉልበታችሁ ታንኩን ጨብጡ። ኮረኮንች ላይ መርገጫው ላይ ብድግ በሉ። ጆሯችሁ ውስጥ የጆሮ መድፈኛ አድርጉ፤ ሰውን ቶሎ ከሚያደክሙት አንዱ የነፋስ ጩኸት ነው። ደግሞ በኛ መንገድ የጅቡቲ ተሳቢ ሲያልፋችሁ ነፋሱ ይገፋችኋል። ትከሻችሁን አታደንድኑ፣ ልል አድርጉት።

ለልብስ ብዙ ገንዘብ አታውጡ። ጃኬት ውስጥ ደረት ላይ የተዘረጋ ጋዜጣ ነፋስ ይከላከላል። ሱፍ ቢረጥብም ይሞቃል፣ ጥጥ ግን ከረጠበ ያቀዘቅዛል። ፎቶ ላይ የሚያምር ጃኬት ገዝታችሁ ጎማችሁ ልሙጥ ሆኖ ሳይ አዝናለሁ። ጓንት ላይ ግን አትቆጥቡ። ውድ ቢሆንም ግዙ። የደነዘዘ ጣት ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል።

ጠዋት ከገላን ስትነሱ ብርድ ነው፤ መቂ ስትደርሱ ሙቀት ነው። በአንድ ወፍራም ልብስ ፋንታ ደራርባችሁ ልበሱና እያወለቃችሁ ሂዱ። ውኃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ዝዋይ ላይ ዓሣ ቅመሱ፣ ግን ሆዳችሁን አትሙሉ፤ ከሻሸመኔ በፊት እንቅልፍ ይመጣል።

በየሰዓቱ ቁሙ። እውነቱን ለመናገር እኔ ብቻዬን ስሆን አሁንም ሁለት ሰዓት ሳልቆም እነዳለሁ። ሰው ካፈናጠጥኩ ግን ከዚያ ማታ ወዲህ አድርጌው አላውቅም። እናንተ መሪ ጨብጣችኋል፣ ጉድጓዱን አስቀድማችሁ ታያላችሁ፣ ሰውነታችሁ ይዘጋጃል። ከኋላ ያለው ሰው የሚያየው ጀርባችሁን ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ድንገት ነው የሚመጣበት። ሰው ስታፈናጥጡ የኋላ ጎማችሁን ንፋስ በሞተሩ መመሪያ ልክ ጨምሩ። ከመነሳታችሁ በፊትም እጁንና እግሩን እዩለት፤ ምን ለብሷል?

በማግስቱ ጎረቤቴን አስጠራሁትና «ባለቤትህን ይዘሃት ና» አልኩት። መጡ። ሻይ ጠጣን። ከዚህ በፊትም አንዴ ሐዋሳ በሞተር ወስዷት ነበር። እሷን ነው የጠየቅኳት።

«ምን አመመሽ ልጄ?»

ባሏን አየችው። «ጉልበቴን ጋሼ። መርገጫው ከፍ ብሎ እግሬ ታጥፎ ነው የሚቆየው። መዘርጋት ነበር የፈለግኩት።»

«ነገርሽው?»

«እንዳይቸገር ብዬ ዝም አልኩ።»

ባሏ አቀረቀረ። እኔም ለጥቂት ጊዜ መናገር አልቻልኩም።

የራሴን አጎዛ አውጥቼ ሰጠኋቸው። እሱ ከፊት በኩል ሊያስረው ሲል ወደ ኋላ ሳብኩት። ጓንቴንም ለሷ ሰጠኋት፤ ትንሽ ሰፍቷታል። ጃኬቱን ስትስበው የት እንደሚቆም ተነጋገሩ። ማክሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይነሳሉ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ። መጀመሪያ የሚቆሙት ሞጆ ነው። ቦታውን የመረጠችው እሷ ናት።