ምጣድና ስቶቭ በአንድ መስመር፦ ብሬከሩን ከማስቀየርሽ በፊት

እህቴ፣ በተከራየሽው ሰርቪስ ቤት ምጣዱም ባለ ሁለት ዓይኑ ስቶቭም ከአንድ መስመር እንደሚሠሩ፣ ሁለቱ አብረው ሲበሩ ብሬከሩ እንደሚወርድ፣ የመጣው ሠራተኛም «ባለ 16 አምፒሩን አውጥቼ ባለ 32 ልግጠምልሽ» እንዳለሽ ጽፈሻል። እንዳታስገጥሚ። ብሬከሩ አልተበላሸም፤ ሽቦሽን እየጠበቀልሽ ነው።

1. ሒሳቡን ሥሪ። ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ነው። ለ220 ቮልት ስታካፍዪው ከ16 እስከ 18 አምፒር ይመጣል። የስቶቩ ሁለት ዓይን በድምሩ 2500 ዋት ቢሆን 11 አምፒር ይጨምራል፤ አብረው ሲበሩ ወደ 29 ይደርሳል። የሶኬት መስመር አብዛኛውን ጊዜ ባለ 2.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ነው፤ ግድግዳ ውስጥ በቱቦ ሲሄድ ከ20 አምፒር ብዙም ማለፍ የለበትም። ባለ 32 ብሬከር ደግሞ ልክ 32 ሲሞላ አይወርድም፤ 36 አምፒር እየሄደበት እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል። የሽቦው ፕላስቲክ የሚችለው 70 ዲግሪ ነው። እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ ፕላስቲኩ ግድግዳው ውስጥ ይለሰልሳል፣ በሌላ ቀን ይሰነጠቃል፣ አንድ ቀን ሽቦ ከሽቦ ይገናኛል። ብሬከር የሚመረጠው በሽቦው አቅም ነው። ይህን እያወቁ ትልቅ ብሬከር ገጥመው ሒሳብ ተቀብለው የሚሄዱ ሰዎች ሙያውን እያሰደቡት ነው።

2. ለምጣዱ ከማከፋፈያ ሳጥኑ የራሱን መስመር አስወጪ፦ ባለ 4 የመዳብ ሽቦ ከ25 አምፒር ብሬከር ጋር፤ ርቀቱ ከ30 ሜትር ካለፈ ባለ 6። ሽቦ ስትገዢ በተጻፈበት ቁጥር ብቻ አትተማመኚ፤ ከተጻፈው የሚቀጥን መዳብ ያለው በገበያ አለ። ነጠላ ድፍን ባለ 2.5 ሽቦ ተልጦ በካሊፐር ሲለካ ወደ 1.8 ሚሊ ሜትር፣ ባለ 4 ወደ 2.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሊኖረው ይገባል።

ከሁሉ በላይ ቤት የሚያቃጥለው ግን መገናኛው ነው። ተራ ሶኬትና ስፒና ቢበዛ ለ16 አምፒር የተሠራ ነው። ምጣድ ለሰዓታት 18 ሲስብበት የሶኬቱ ከንፈር ይላላል፣ የላላው ይግላል፣ የጋለው የባሰ ይላላል። አንድ አስረኛ ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) የምታህል ልልነት በ18 አምፒር 32 ዋት ሙቀት ታመነጫለች፤ ያ ሁሉ የሚያርፈው ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ነው። ብሬከሩ ይህን አያይም፣ ምክንያቱም አምፒሩ አልጨመረም። ስለዚህ ስፒናውን ተዪው፤ ምጣዱ ባለ 32 አምፒር ሁለት ፖል ማጥፊያ (ሁለቱንም ሽቦ አንድ ላይ የሚቆርጥ) በኩል በቀጥታ ይታሰር። ከምጣዱ ሥር ያለው መገናኛ የሸክላ ይሁን፣ ከሬዚስታንሱ (ከሚግለው ጥቅል ሽቦ) የሚወጣውም ሽቦ ሙቀት የሚችል እንጂ ተራ ፕላስቲክ አይሁን። በቴፕ የተጠቀለለ ቅጥያ እዚያ ቦታ አይፈቀድም። በኤክስቴንሽን መጋገርማ ጨርሶ አይታሰብ።

ኧርዝም (ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) አለ። ሸክላው ሲሰነጠቅ የሊጡ ውሃ ሬዚስታንሱ ድረስ ይገባና ቆርቆሮው ይነዝራል። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ከቆርቆሮው ጋር ይታሰር፣ መስመሩ ላይም ባለ 30 ሚሊአምፒር የፍሳሽ መቁረጫ (RCD፣ ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያፈተልክ የሚቆርጥ) ይግባ። ኧርዝ የለም ብሎ ቆርቆሮውን ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ጋር የሚያስር ሠራተኛ ከመጣ አስቁሚው፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን ቆርቆሮው ሙሉ 220 ይይዛል።

አከራይሽ ከትልቁ ቤት ወደ ሰርቪስ ቤቱ የሚመጣውን ዋና ሽቦ አልቀይርም ካሉና እሱ ባለ 4 ከሆነ፣ ምጣዱ የራሱ መስመር ቢኖረውም ምጣዱንና ስቶቩን አብረሽ ማብራት አትችዪም። ያኔ ባለ 32 አምፒር መቀያየሪያ አስገጥሚ፦ ወደ አንዱ ሲዞር ምጣድ፣ ወደ ሌላው ሲዞር ስቶቭ። ዋጋው ግድግዳ ከማስቆፈር በብዙ ይቀንሳል፣ ልጆችም በስህተት ሁለቱን ሊያበሩ አይችሉም።

ሥራው ሲያልቅ ምጣዱን ግማሽ ሰዓት አግዪው። ከዚያ ዋናውን አጥፍተሽ ማጥፊያውን፣ ብሬከሩንና ሽቦውን በእጅሽ ዳሺ። ለብ ማለቱ ያለ ነው፤ እጅሽን ማቆየት ካቃተሽ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተሽ የላላ ብሎን አለ። ሠራተኛው እዚያው እያለ ብሎኑን ያጥብቀው፣ እንደገና ይፈተሽ፣ ሒሳቡን ከዚያ በኋላ ክፈዪው።