ቪትዝ ላይ የልጅ ወንበር ስለማሰር ለጠየቅሽው እህቴ

«የ9 ወር ልጅ አለችኝ፣ ከድሬ ሐረር አያቷ ጋ እንመላለሳለን፣ ከውጭ የተላከልን የልጅ ወንበር ቪትዛችን ላይ ይወዛወዛል፣ እሷም ታለቅሳለች፣ አቅፌያት ብሄድስ?» ብለሻል። ከታች «እኛ ታቅፈን አይደል ያደግነው» ያላችሁ ደግሞ አቦ ተዉ! በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከከባድ ነገር ጋር ሲላተም የ9 ኪሎ ሕፃን ለዚያች ቅጽበት ከ100 ኪሎ በላይ ትከብዳለች። የእናት ክንድም ቢሆን አይችላትም። ድሬና ሐረር መሀል ያለውን የደንገጎን ጠመዝማዛ ከነጭነት መኪናው ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ የኋላ ወንበሩ መደገፊያና መቀመጫ በሚገናኙበት ስንጥቅ እጅሽን ክተቺ። የብረት ቀለበት ካገኘሽ መኪናው አይሶፊክስ (የልጅ ወንበርን ያለ ቀበቶ በቀጥታ ከመኪናው ጋር ማያያዣ) አለው ማለት ነው። የልጅቷም ወንበር መንጠቆ ካለው ጠቅ እስኪል ትገፊዋለሽ። ከሌለው አትጨነቂ፣ የእኛም መኪና የለውም፣ ልጆቻችንን በቀበቶ እያሰርን ነው ያሳደግናቸው።

ዋናው ሥራ ቀበቶው ላይ ነው። የሚያልፍበት መንገድ ወንበሩ ላይ ምልክት አለው፤ ብዙዎቹ ላይ ሰማያዊው ልጁ ፊቱን ወደ ኋላ ሲያዞር፣ ቀዩ ወደ ፊት ሲያዞር ነው። በዚያ አሳልፈሽ ቆልፊው። ከዚያ ልጅቷ የምትቀመጥበትን ቦታ ባለቤትሽ በደንብ ይጫነው፣ አንቺ ቀበቶውን ሳቢ። በድሬ ቀትር ላብ በላብ ያደርጋል፣ ማታ ብትሠሩት ይሻላል። ሲያልቅ ቀበቶው በሚያልፍበት በኩል ይዘሽ ነቅንቂው፤ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሄደ ላልቷል። ከአናቱ ይዘሽ አትፈትሺው፣ ወደ ኋላ የዞረ ወንበር እዚያ ጋ ትንሽ መንቀሳቀሱ አይቀርም።

ጠብቆ መንገድ ላይ የሚላላ ከሆነስ? አብዛኛው ቀበቶ የሚይዘው ድንገት ፍሬን ሲያዝ ነው፣ በሌላው ጊዜ ይለቃል። አንዳንዱ ግን እስከ መጨረሻው ስበሽ ስትለቂው ጠቅ ጠቅ እያለ ይሰበሰብና ይቆልፋል። ሞክሪው። ካልቆለፈ ወንበሩ ራሱ ቀበቶውን ነክሶ የሚይዝ ነገር እንዳለው ከነመመሪያው እዪ።

ልጅቷ ፊቷ ወደ ኋላ ይሁን። እግሯ ቢታጠፍ ምንም አይደለም። በዚህ ዕድሜ ጭንቅላት ይከብዳል፣ የአንገት አጥንት ገና አልጠነከረም፤ ሲጋጭ ጀርባዋን በሙሉ ወንበሩ ይቀበላታል። ጋቢና ኤርባግ ባለበት እንዲህ ማሰር ግን በፍጹም! ኤርባጉ ሲፈነዳ ወንበሩን ከነልጅቷ ነው የሚመታው።

የልጅ ወንበሩ የራሱ ማሰሪያ ከትከሻዋ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ካለ ቦታ ይውጣ፣ ትከሻዋ ላይ በጣትሽ ስትቆነጥጪው መታጠፍ የለበትም። ሐረር ስትደርሱ ብርድ ነው ብለሽ ወፍራም ጃኬት አልብሰሽ አትሰሪያት፣ ማሰሪያው የጠበቀ ይመስልሻል እንጂ ጃኬቱ ሲጨመቅ ይላላል። እሰሪያትና ጋቢውን ከላይ ጣል አድርጊ። ያገለገለ ወንበር ከሆነ የማብቂያ ዓመት ከታተመበት እዪ፣ አደጋ ያየ ከሆነ ተይው።

ለቅሶው? የኛዋም ደንገጎን እስክንጨርስ ታለቅስ ነበር፣ ከመነሳታችን በፊት ጥግብ አድርገን ማጥባት ስንተው ማስመለሱም ለቅሶውም ቀነሰ። ካላቆመች ሐረማያ ጋ ቁሙና አውጥታችሁ አቀፏት፣ መኪናው እየሄደ ግን አትፍቺያት። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የማሰሪያው ብረት እንደሚያቃጥል አትርሺ፣ ስትወርዱ ነጠላ አልብሺው።

አሁንም ከተወዛወዘ ቀበቶው ያለፈበትን ፎቶ አንስተሽ ለጥፊልን፣ እናየዋለን።