በጾም መካከል የመጣ የተርኪ ግብዣ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። የባለቤቴ እኅት ለታንክስጊቪንግ፣ ማለትም ለአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን፣ በየዓመቱ ቤተሰቡን ሁሉ ትጠራለች። እሷ ፕሮቴስታንት ናት። እኛ ደግሞ የነቢያት ጾም ላይ እንሆናለን። አምና «ሥራ አለብኝ» ብዬ ዋሽቼ ቀረሁ፤ ተቀየመችኝ። ልጄ 11፣ ወንድሟ ደግሞ 5 ዓመቱ ነው፤ ከአክስታቸው ልጆች ጋር መዋል ይወዳሉ። አንዳንድ ሰዎች «የአሕዛብ በዓል ነው፣ ማክበሩ ኃጢአት ነው» ይሉኛል። ዘንድሮ ልሂድ ወይስ ልቅር?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሂጂ። ጾምሽንም ሳትፈቺ ሂጂ።

ከጥያቄሽ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ ተርኪው፣ በበዓሉ የሚበላው የወፍ ሥጋ፣ አይደለም፤ «ሥራ አለብኝ» ያልሽው ነው። ከሥጋና ከወተት ስንከለከል አንደበታችንም አብሮ እንዲጾም ነው የታዘዝነው። ጾምን ለመጠበቅ ሲባል የሚዋሽ ውሸት ጾሙን ራሱን ያፈርሰዋል። ይህን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።

ወደ በዓሉ ልምጣ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1621 ከእንግሊዝ መጥተው አሜሪካ፣ ፕሊመዝ የሰፈሩ ሰዎች መከር ሲሰበስቡ የአገሩ ነባር ከሆነው ከዋምፓኖግ ሕዝብ ጋር 3 ቀን አብረው በሉ። ከእነዚያ ሰፋሪዎች ግማሽ ያህሉ የመጀመሪያውን ክረምት ሳይሻገሩ ሞተው ነበር። በ1863 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የእርስ በርስ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ አገር አቀፍ የምስጋና ቀን አወጀ። በ1941 ደግሞ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ እንዲሆን በሕግ ተወሰነ። እንግዲህ የመንግሥት በዓል ነው። ጣዖት አይሰገድበትም፣ መሥዋዕት አይሠዋበትም። ሌበር ዴይ በሚሉት የሠራተኞች በዓል ላይ «የአሕዛብ ነው» ብሎ ሥራ የገባ ሰው እስካሁን አላየሁም። ከአገሩ ነባር ሕዝቦች መካከል ግን ቀኑን የሐዘን ቀን አድርገው የሚያስቡት አሉ፤ ከ1970 ጀምሮ በዚያው በፕሊመዝ ይሰበሰባሉ። የ11 ዓመት ልጅሽ ይህንንም ለመስማት ደርሳለች።

ጾሙ ግን እንደ በዓሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ጾመ ነቢያት ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አንዱ ነው። ኅዳር 15 ይገባል፤ እንደ ፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ማለት ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ ኖቬምበር 25። ታንክስጊቪንግ ከኖቬምበር 22 እስከ 28 ባለው ሐሙስ ስለሚውል አብዛኛውን ጊዜ ጾም ውስጥ ይገባል። አልፎ አልፎ ያመልጣል። በ2023 ኖቬምበር 23፣ ማለትም ኅዳር 13 ስለዋለ ጾሙ አልገባም ነበር። በ2026 ግን ኅዳር 17 ነው። ካላንደሩን ሳታዪ «ጾም ነው» ብለሽ አትቅሪ፤ «ሐሙስ ነው» ብለሽም አትብዪ።

ነቢዩ ዳንኤልን አስቢ። በባቢሎን ቤተ መንግሥት ተቀመጠ፤ ቋንቋቸውን ተማረ፤ ንጉሡንም አገለገለ። ከንጉሡ መብል ግን አልበላም። እንዴት አድርጎ? አልተጣላም፣ ማዕድ አልገለበጠም። ኃላፊውን በትሕትና ለመነ፤ «ጥራጥሬና ውኃ ስጡን፣ ዐሥር ቀንም ፈትኑን» አለ። እኔ ከአንቺም የምጠብቀው ይህንኑ ነው። አሁኑኑ ደውዪላት። «እንመጣለን፤ ጾም ላይ ስለሆንን የጾም ምግብ ይዘን እንመጣለን» በያት። የባለቤትሽ እኅት ይህን ስትሰማ የምትቀየም አይመስለኝም። ያስቀየማት መቅረትሽ ነው።

ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ሱፍ ፍትፍት ይዘሽ ሂጂ። ዱባ ወጥ ከሠራሽማ የእነሱም ማዕድ ዱባ አያጣም። ተጠንቀቂ ግን፤ እዚያ ያለው አትክልት ሁሉ የጾም አይደለም። የተፈጨው ድንች ቅቤና ወተት አለበት። የዱባ ፓዩ እንቁላልና ወተት አለው። ስተፊንግ የሚሉት የዳቦ ምግብም ብዙ ጊዜ በዶሮ መረቅ ነው የሚሠራው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፤ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ሰዓቱም ብዙ አያስቸግርሽም። ማዕዱ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በእኛ 9 ሰዓት ማለፉን ግን እዪ።

የ5 ዓመቱ ልጅ የጾም ግዴታ የለበትም፤ የአክስቱን ተርኪ ቢበላ አትቆጪው። የ11 ዓመቷን ግን ቤት ሳላችሁ አስረጃት። ሰው ፊት አታሳፍሪያት። የሌላውንም ሳህን አትመርምሩ። ሐዋርያው በሮሜ 14 የማይበላው በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ አዟል፤ የሚበላውም የማይበላውን እንዳይንቅ።

ከመብላት በፊት ሁሉም በየተራ የሚያመሰግንበትን ነገር የመናገር ልማድ አለ። ብዙዎቻችን እዚያ ላይ «ሁሉም ተመስገን ነው» ብለን እናልፋለን። እኔ ይህን አልወድም። በቅዳሴ የምንሰማውን የምስጋና ጸሎት አስታውሺ፤ «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብሎ የሚጀምረውን። ለምን እንደምናመሰግነው አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ ወደ እርሱ አቅርቦናልና፣ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና። ምስር የያዘ ሳህን ፊትሽ ቢኖር ከዚህ የሚጎድልብሽ ምስጋና የትኛው ነው? አንቺም እንደዚያው በስም ቁጠሪ። በሌሊት ሥራ ስትመላለሺ መንገድ ላይ የጠበቀሽን፣ አገር ቤት ታመው የዳኑልሽን፣ ከባለቤትሽ ጋር ተኳርፋችሁ የታረቃችሁበትን ተናገሪ። ልጆችሽ ከአንቺ አፍ ይስሙት። ለጸሎቱ ደግሞ አንቺና ልጆችሽ አማትባችሁ የራሳችሁን «አባታችን ሆይ» ድገሙ፤ ሳህናችሁንም ባርኩ። በዚያ ላይ ከማንም ጋር ክርክር አትክፈቺ።

በማግስቱ ዓርብ ነው፤ ብላክ ፍራይደይ የሚሉት የቅናሽ ገበያ ቀን። ሱቅ በር ላይ በሌሊት ተሰልፈን ለኪዳን ጸሎት «እንቅልፍ አስቸገረኝ» የምንል ሰዎች ትንሽ እንፈር። ኅዳር 21፣ አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 30፣ ደግሞ ጽዮን ማርያም ናት። ልጆቹን ቤተ ክርስቲያን ውሰጃቸው። ዘመድ የሌለው ተማሪ ወይም ገና የመጣ ስደተኛ የምታውቂ ከሆነ ከሳምንቱ በአንዱ ቀን ቤትሽ ጥሪው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እውነተኛ ጾም ያለው እንጀራን ለተራበ መቁረስን ነው።

ጃንዋሪ 7 ገና ሲደርስ ደግሞ ተራው ያንቺ ነው። የባለቤትሽን እኅት ከነቤተሰቧ ጥሪያት። ዶሮ ወጡን ያን ጊዜ አብራችሁ ትበላላችሁ።