«መሪር ሐዘን» ወይስ «ከፍተኛ ሐዘን»?

ጥያቄ፦ የባልደረባችን እናት ስላረፉ ለመሥሪያ ቤታችን የሐዘን መግለጫ ጻፍኩ። «የተሰማንን መሪር ሐዘን እንገልጻለን» ይላል። አለቃዬ ግን «ሐዘን አይቀመስም፤ ከፍተኛ ሐዘን በይው» ብለው አስተካከሉት። የቱ ነው ትክክል? ደግሞስ መሪር ነው መራራ?

መልስ፦ የእርስዎ ይሻላል። ይህን «አይቀመስም» የሚል ክርክር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

«ከፍተኛ» ሲባል ከዘይቤያዊ አነጋገር የወጣን ይመስላል። አልወጣንም። ሐዘን ቁመት የለውም። «ጥልቅ» ቢሉትም ጉድጓድ አይደለም፤ «ከባድ» ቢሉትም ሚዛን ላይ አይወጣም። አለቃዎ ምላስ የሚያውቀውን ዘይቤ አንስተው የቢሮ ዘይቤ አስቀመጡ እንጂ ዘይቤውን አላስቀሩትም።

ሥሩን እንየው። «መረረ»ን ግእዝም አማርኛም ይጋሩታል። ዐረብኛው «ሙር»፣ ዕብራይስጡ «ማር» ይለዋል (ከንብ ማር ጋር ዝምድና የለውም)። ኑኃሚን ባሏንና ልጆቿን ቀብራ ስትመለስ «ማራ በሉኝ» ያለችው ከዚሁ ሥር ነው። አማርኛችን ደግሞ ከዚህ አንድ ሥር ስንቱን አወጣ! መረረው፣ ተማረረ፣ አስመረረ፣ ምሬት፣ ምርር ብሎ አለቀሰ። ሐሳብ ሳንቀበል ስንቀር እንኳ «አልጣመኝም» ነው የምንለው። ታዲያ የማይቀመሰው የቱ ነው?

አንጎልም ከእኛ ጋር ነው። ሲትሮንና ጎልድበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ኤምአርአይ ውስጥ ተኝተው ዓረፍተ ነገሮች አነበቡ። አንዱ በጣዕም ቃል የተነገረ ነው፤ «ጣፋጭ» እንደ ማለት። ጥንዱ ያንኑ በቀጥታ ይለዋል፤ «ደግ» ብሎ። የጣዕሙ ቃል ሲነበብ ጣዕም የሚለዩት የአንጎል ክፍሎች ሠሩ። ከስሜት ጋር የተያያዘው አሚግዳላም ይበልጥ ነቃ። (አሚግዳላ ግሪክኛ ነው፤ ቅርጹን አይተው ለውዝ አሉት። ኤርምያስ በራእይ ያየው ለውዝ እንጂ ኦቾሎኒው አይደለም።) ጥናቱ የጀርመንኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የማሻግረው እኔ ነኝ። ግን «መረረኝ» ብሎ ፊቱን የማያጨማድድ ሰው አላየሁም።

«ቃሉ በማስታወቂያ ብዛት አልቋል» የሚሉም አሉ። ከፊል እውነት አላቸው። ደሳይና ባልደረቦቹ በ2011 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ከእጅ ድርጊት የተወሰደ ዘይቤ እየተለመደ ሲሄድ እንቅስቃሴን የሚመሩት የአንጎል ክፍሎች ተሳትፎ ይቀንሳል። ነገር ግን በጣዕሙ ጥናት የቀረቡትም የተለመዱ አባባሎች ነበሩ፤ ያም ሆኖ ስሜት ቀሰቀሱ። መለመድ ያደበዝዛል እንጂ አይገድልም። ስላለቀ ቃል ከተነሣ ደግሞ «ከፍተኛ» ይብሳል። ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከፍተኛ ባለሙያ፣ ከፍተኛ በጀት፣ ከፍተኛ ሐዘን! እናታቸው የሞተችባቸው ሰው በዚህ ሰልፍ መሐል ምን ያገኛሉ?

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ። «መሪር» እንደ «ቀሊል» ያለ የግእዝ ቅጽል ነው፤ «መራራ» የአማርኛው ነው። እኔ ለሐዘን መሪር፣ ለኮሶ መራራ ብዬ እለያለሁ። ጆሮዬ እንዲያ ይወዳል። ማስረጃው ግን አያግዘኝም። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጴጥሮስን «መራራ ልቅሶ አለቀሰ» ይለዋል፤ «መራራ ሐዘን» የሚለውም ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ስህተት ልለው አልችልም። «ጥልቅ ሐዘን»ም ቢሆን ሥር ሰዷል፤ ከዜናም ከካርድም የሚነቅለው የለም። ሳልወድ ተቀብዬዋለሁ።

መግለጫው ገና ካልተለጠፈ ግን፣ አለቃዎን አስፈቅደው «መሪር»ን ይመልሱት።